ሰላምንና ዓለምን ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ማስተማር፦ ለወሎ ትምህርት ቤት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ትምህርት ሊጀመር ሲል የጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች) ስብሰባ ላይ የማትቀር ጥያቄ አለች። «ሰላምና ዓለም አቀፍ ዜግነት አስተምሩ ተብሏል። እሺ፤ ግን በየትኛው ክፍለ ጊዜ? ማን ያስተምረው? በምን?» አንዱ ክበብ እናቋቁም ይላል። ሌላው «ግብረ ገብ አለ አይደል እንዴ፣ በቃ» ይላል። ሌላው ሽማግሌ እንጥራ ይላል። አጋር ድርጅት ደግሞ ወፍራም ማንዋሉን ይዞ ይመጣል። ርዕሰ መምህሩ ሁሉንም እሺ ይላል። ሰኔ ሲደርስ ግን አንዱም በደንብ አልተሠራም።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ምርጫ ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለወላጅ መምህር ህብረት አባላት። ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ከሚሴም ሁኑ ሰቆጣ፣ የሚጠቅማችሁን መርጣችሁ ውሰዱ። ሁሉንም መንገድ አብሮ መጀመር አይቻልም። ሁለት ይበቃል።

መጀመሪያ ስለ ወሎ

«ወሎ የፍቅር አገር ነው» የሚለው ነገር ውሸት አይደለም። አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም የሆነበት ቤት እዚህ ብርቅ አይደለም። ቅሬው ሲቀብር የማንን ሃይማኖት አይጠይቅም። ወዳጃ ላይ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ጎረቤት ሁሉ አሜን ይላል። ግሸን የሚወጣው ክርስቲያንም ጀማ ንጉሥ የሚወርደው ሙስሊምም በአንድ መንገድ ይተላለፋል።

ችግሩ ሌላ ነው። ይህ አባባል ክፍል ውስጥ ሲገባ ትምህርቱን ይዘጋዋል። መምህሩ «እኛ ወሎዬዎች ተቻችለን እንኖራለን» ይላል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ፤ ክፍለ ጊዜው አለቀ። በእረፍት ሰዓት ግን ያው ልጅ የመጤውን ልጅ በአነጋገሩ ያሾፍበታል።

ልጆቹ ያዩትም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደርሷል። ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፣ ተዘርፈዋል፣ የተፈናቃይ መጠለያ ሆነዋል። በጥቅምት 2015 መጨረሻ አካባቢ በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከወለጋ ተፈናቅለው ሐይቅ አካባቢ የተጠለሉ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። ስለዚህ «ሰላም ጥሩ ነው» የሚል ትምህርት እነዚህን ልጆች አይመጥናቸውም። ሰላም ጥሩ መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

በምን እንመዝን?

ዘዴዎቹን ከማየታችን በፊት ሚዛኑን እናስተካክል። እኔ የምመዝንባቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛውና ዋናው፦ ልጁ ያደርገዋል ወይስ ይሰማዋል ብቻ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የዓለም አቀፍ ዜግነት ትምህርት መመሪያ ላይ ትምህርቱን በሦስት ይከፍለዋል። ማወቅ አለ፤ የሌላውን ስሜት መረዳትና አብሮነት አለ፤ ማድረግ አለ። እኛ ጋ አብዛኛው ጥረት የመጀመሪያው ላይ ይቆማል። ሽምደዳ ይሆናል። ልጁ «የሰላም ጥቅሞች» አምስቱን ዘርዝሮ አሥር ከአሥር ያገኛል፤ ከዚያ ወጥቶ ይደባደባል።

ሁለተኛ፦ ስንት ልጅ ይደርሳል? ሰቃይ ተማሪዎችና የክፍል አለቆች ብቻ የሚሳተፉበት ነገር ለሪፖርት ያምራል። ትምህርቱ የሚያስፈልገው ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ነው። ገበያ ቀን የምትቀረው ልጅም ናት።

ሦስተኛ፦ የመምህሩ ጫና። ስድሳ ልጅ ይዞ ደብተር የሚያርም መምህር አዲስ ማንዋል አንብቦ ይዘጋጃል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

አራተኛ፦ ቁስል ይነካል ወይ? አባቱን ያጣ ልጅ ባለበት ክፍል «በጦርነቱ ጊዜ ያያችሁትን ተናገሩ» ማለት አይቻልም። የምትመርጡት መንገድ ልጁ ሳይገደድ የሚሳተፍበት መሆን አለበት።

ወጪውንም አትርሱ። መምህሩ ዝውውር ሲያገኝ ነገሩ አብሮት ይሄዳል ወይስ ይቀራል የሚለውንም ጠይቁ። በመጨረሻም፣ ሰላም ብቻ ነው ወይስ ዓለምንም ያሳያል? ብዙዎቹ መንገዶች አንዱን ይዘው ሌላውን ይጥላሉ።

1. በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰዓቱ ፕሮግራም ላይ አለ፣ ማንንም ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ሁሉም ልጅ ክፍል ውስጥ ነው። መምህር ቢቀየርም ትምህርቱ ይቀጥላል። ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ድክመቱ አሰጣጡ ላይ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆች ይገለብጣሉ። ደግሞ «ፈተና የሚወጣበት ዋና ትምህርት አይደለም» ተብሎ ሰዓቱ ለሂሳብ ማካካሻ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ አንድ ሕግ አውጡ፦ ከክፍለ ጊዜው ግማሹ የልጆች ይሁን። አንድ አጭር ሁኔታ አንብቡላቸው፣ በጥንድ ይነጋገሩ፣ ሁለት ሦስት ጥንድ ያቅርብ። ከዚህ በላይ ዘዴ አያስፈልግም።

2. በየትምህርቱ ማስረጽ

ማስረጽ ማለት ሰላምንና ዓለምን በሌሎቹ ትምህርቶች ውስጥ አስገብቶ ማስተማር ነው። ዓለምን ለማሳየት ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወሎ ራሱ ከዓለም ጋር በብዙ ገመድ የታሰረ ስለሆነ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም።

አካባቢ ሳይንስን ውሰዱ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አካባቢ የመጣውን የበረሃ አንበጣ የራያና የቆቦ ገበሬ አይረሳውም። ያ መንጋ መነሻው እዚህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት በረሃ ላይ ከባድ ዝናብ ያመጡ አውሎ ነፋሶች ነበሩ። በረሃው ረጠበ፣ አንበጣው ተራባ። ከዚያ በየመን፣ በሶማሊያ አድርጎ የእኛን ማሽላ በላ። ልጆቹ መንገዱን ካርታ ላይ በጣታቸው ይከተሉ። ከዚያ ጥያቄው ይምጣ፦ «ቆቦ ላይ ማሽላችን እንዳይበላ የመን ውስጥ ማን ምን ማድረግ ነበረበት?» ዓለም አቀፍ ዜግነት ማለት ይኸው ነው። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ባቲ ገበያም አለ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው እዚያ ይገናኛል። ግመል፣ እህል፣ ጨርቅ፣ ቅቤ። ለሂሳብ መምህር የተዘጋጀ ትምህርት ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ በደንብ ሳያውቅ እንዴት ይገበያያል? ሚዛን የሚታመነው መቼ ነው? ሦስት መንደር በአንድ ምንጭ ሲጠቀም ቀኑ እንዴት ይከፈል? ማካፈል የሚባለው ሂሳብ ራሱ የፍትሕ ትምህርት ይሆናል።

በክወናና እይታ ጥበባት ደግሞ አራቱን ቅኝቶች ታገኛላችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ የራሳችን የቦታ ስሞች ናቸው። አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች በቻይናም በጃፓንም አሉ። ሞባይል ያለው መምህር የሩቅ አገር ዜማ አሰምቶ «ይህ የእኛን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቅ። የልጆቹን ፊት ያኔ እዩት።

አሁን ስሱ ወደሆነው ልምጣ። ብዙ የወሎ ልጅ እናቱ ወይም እህቱ ጅዳ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት ናት። ለዚህ ልጅ ዓለም ማለት ማታ በአይሞ የምትደውል ድምፅ ናት። ይህንን ትቶ ስለ ኒውዮርክ ማስተማር ይገርማል። ግን «እናትህ የት ናት?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ካርታ ስቀሉ። «ከአካባቢያችን ሰዎች የሄዱባቸውን አገሮች እንፈልግ» በሉ። መናገር የፈለገ ይናገራል። ከዚያ ያ አገር ምን ቋንቋ ይናገራል፣ ሠራተኛ ምን መብት አለው፣ እኛስ አገር የመጣ እንግዳ ሠራተኛ እንዴት ይያዛል ወደሚለው ይሄዳል። 6ኛ ክፍል ላይ የደላላን ነገር ማንሳትም ይቻላል። ይገባቸዋል።

የሰባ ሰባቱን ድርቅም አትዝለሉት። አያቶች ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ያኔ ወሎ ውስጥ ከነበረችው ከኮረም የወጣው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ። በሐምሌ 1985 ደግሞ በለንደንና በፊላዴልፊያ ላይቭ ኤይድ የሚባለው ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ልጁ ራሱን ሁሌ ተቀባይ፣ ሌላውን ሁሌ ሰጪ አድርጎ እንዳይወጣ። በዚያው ትምህርት ላይ ወሎ ለሌላው ያደረገውንም ጨምሩ። ተፈናቃይ ያስጠለለውን ቤት ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

የማስረጽ ድክመቱ ምንድን ነው? የሁሉም ሥራ የማንም ሥራ አይሆንም። አንድ ሰው ካልተከታተለው በወር ውስጥ ይጠፋል። መፍትሔው ሳምንታዊ ዕቅድ ላይ አንድ ዓምድ መጨመርና እያንዳንዱ መምህር በወር አንድ ትምህርት ብቻ እንዲያስገባ መጠየቅ ነው።

3. ክበብ

የሰላም ክበብ፣ የሥነ ዜጋ ክበብ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥሩ መምህር ሲይዘው ያብባል፣ ሲሄድ ይደርቃል። የሚደርሰው ለጥቂት ልጆች ነው፤ እነሱም ባይማሩት የማይጎዱ ጎበዞች ናቸው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ልጅ ከትምህርት በኋላ ስለማይቆይ ይቀርበታል። ሴት ልጆችም ውኃና ሥራ ስለሚጠብቃቸው ይቀርባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ይወጣዋል። ሚኒ ሚዲያው ጠዋት ሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ ካገኘ ሙሉ ትምህርት ቤቱን ይደርሳል። የቀይ መስቀል ክበብ ካላችሁ ደግሞ የሄንሪ ዱናንን ታሪክ አስነግሩ። ስዊዘርላንዳዊው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሶልፈሪኖ ላይ የቆሰሉ ወታደሮችን አየ። ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ የየትኛው ወገን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ረዳ። ንቅናቄው መስቀልም ጨረቃም አርማ አለው። ይህ ለወሎ ልጅ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

4. ሽማግሌን ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ ልጆችንም ማሸማገል

እኔ የምወደው መንገድ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅር በሉኝ።

ወሎ አስታራቂ አበጋር አለው። ራያ ቆቦ ዘወልድ አለው። ደም የተቃባን ቤተሰብ አስቀምጠው ደም የሚያደርቁ ሰዎች ከእኛው መሃል አሉ። ታዲያ የሰላም ትምህርት ከውጭ ብቻ እንደሚመጣ አድርገን የምናየው ለምንድን ነው?

ግን አጋባበዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ሽማግሌ ጠርቶ «ስለ ሰላም ይንገሩን» ማለት ምክር ያስገኛል። ምክር ደግሞ ልጆቹ ጠግበዋል። ይልቅ አንድ የታረቀ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያስረዱ ጠይቁ፤ የሰው ስም ሳይጠሩ። የግጦሽ ወይም የወሰን ጉዳይ ይሁን። የደም ጉዳይ ለትልልቆች ይቆይ። ልጆቹ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «መጀመሪያ ማንን ሰሙ? ሁለቱም ቢዋሹስ? ካሳውን እንዴት ቆረጡ? እምቢ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?»

ሼኹንና ቄሱን ከጋበዛችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር አስቀምጡ። በተለያየ ቀን መጋበዝ ሌላ መልእክት ያስተላልፋል። ደግሞ በባህሉ ሽምግልናው በአብዛኛው የወንድ ነው። ልጆቹ ይህን ያያሉ። ስለዚህ ጎረቤት በማስታረቅ የታወቀች እናትም ትምጣ። ትምህርት ቤቱ ባህሉን ሲያስተምር የጎደለውን መሙላትም ይችላል።

ከግብዣው በኋላ ያለው ነው ዋናው። ልጆቹ ራሳቸው ሸምጋይ ይሁኑ። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ይሠራል። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት፣ በየሳምንቱ በተራ። በምርጫ አይደለም፣ በስም ጥሪው ቅደም ተከተል ነው። በምርጫ ከሆነ ያው ሰቃዮቹ ይመረጣሉ። ተራው ለረባሹ ልጅም ይደርሰዋል፤ እንዲያውም ለሱ ነው የሚጠቅመው።

እንበል ሰዒድ የሐናን ደብተር ቀደደ። ሸምጋዮቹ ከዛፍ ሥር ያስቀምጧቸዋል። ሐና ትናገራለች፣ ሰዒድ አያቋርጥም። ከዚያ ሰዒድ የሰማውን መልሶ ይናገራል። «ሐና ያለችው እንዲህ ነው» ይላል። ትክክል ካልሆነ ሐና ታርማለች። ተራው ይገለበጣል። ሸምጋዮቹ አይፈርዱም፤ «ምን ቢደረግ ይበቃሻል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሐና የጠፋውን ገጽ ይገልብጥልኝ ትላለች። ሰዒድ ይስማማል። ይጻፋል፣ ይጨባበጣሉ። ቡጢም የለም፣ ቢሮም የለም።

ካሳው ላይ አትደራደሩ። «ይቅርታ በለው፣ ተቃቀፉ» ብቻ ከሆነ የተበደለው ልጅ ሁለት ጊዜ ይበደላል። አበጋሩም ያለ ካሳ አያስታርቅም።

ወሰን ግን ይኑረው። ደም የወጣበት ድብድብ፣ ጾታዊ ትንኮሳ፣ የገንዘብ ስርቆት፣ ስለት ወይም ጥይት ነገር፣ ትልቅ ልጅ ትንሹን ደጋግሞ የሚያስፈራራበት ጉዳይ፤ እነዚህ በቀጥታ ወደ መምህር ይሄዳሉ። ይህን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ላሉት ይህ ይከብዳል። ለነሱ ሰኞ ጠዋት የአሥር ደቂቃ ክብ ይበቃል። ድንጋይ ወይም እንጨት ትዞራለች፤ የያዘ ይናገራል፣ ያልፈለገ ያሳልፋል። «ያልፈለገ ያሳልፋል» የሚለው ከሁሉ ይበልጣል፤ ቁስል ያለው ልጅ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

5. ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር መጻጻፍ

የደሴ ልጅ ለከሚሴ ልጅ ደብዳቤ ይጽፋል። የኮምቦልቻው ለአሳይታ፣ የላሊበላው ለሰቆጣ። ፖስታው በሚኒባስ ረዳት እጅ ይላካል። ወጪው ወረቀትና ፖስታ ነው። ከሚሴ ላይ ልጆች በአፋን ኦሮሞ፣ ዋግ ላይ በኽምጥኛ ይማራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብዳቤ የሌላውን ቋንቋ ሦስት ቃል እንዲይዝ አድርጉ። ልጁ መልስ ሲደርሰው ያለውን ደስታ ማንም ማንዋል አያመጣውም።

ከውጭ አገር ጋር በቪዲዮ መገናኘት ያምራል። ግን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ኔትወርኩ ሲሄድ ይሄዳል። በወረቀት ጀምሩ። የልጆቹን ሙሉ ስም፣ ፎቶና ስልክ አትላኩ።

ድክመቱ? ያኛው ትምህርት ቤት ካልመለሰ ልጆቹ ያዝናሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ከዚያኛው ርዕሰ መምህር ጋር በስልክ ተነጋገሩና የመልስ ቀን ቁረጡ። መንገድ ሲዘጋም ደብዳቤው ይዘገያል፤ ይህንን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ስንት ልጅ ይደርሳል | ያደርጋል ወይስ ያዳምጣል | የመምህር ጫና | ወጪ | ለቁስለኛ ልጅ | ዓለምን ያሳያል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ግብረ ገብ | ሁሉም | ብዙውን ጊዜ ያዳምጣል | ዝቅተኛ | የለም | ደህና | ጥቂት |
| ማስረጽ | ሁሉም | ያስባል፣ ይወያያል | መካከለኛ | ካርታ ብቻ | በጥንቃቄ | በጣም |
| ክበብ | ጥቂት | ያደርጋል | ለአንድ መምህር ከባድ | ትንሽ | ደህና | እንደ መምህሩ |
| ሽማግሌና የልጆች ሽምግልና | ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ በተራ ሁሉም | ያደርጋል | መጀመሪያ ከባድ፣ በኋላ ይቀላል | የለም | ወሰን ከተበጀለት ጥሩ | አያሳይም |
| መጻጻፍ | አንድ ሁለት ክፍል | ያደርጋል | መካከለኛ | ትንሽ | ጥሩ | ጥሩ |

የማንዋሉስ ነገር?

ድርጅት ይዞት የሚመጣውን ጥቅል ለብቻው መንገድ አላደረግኩትም። ከአምስቱ ለአንዱ ማገዣ ነው እንጂ ራሱ መንገድ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠይቁ። በልጆቹ ቋንቋ ነው? ለ2ኛ ክፍልና ለ6ኛ ክፍል የተለየ ነገር አለው? ሥልጠናው ለአንድ መምህር ነው ወይስ ለሁሉም? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ልጆችን ስለ ጦርነቱ የሚያናግር ክፍል አለው? ካለው፣ ልጁ ቢያለቅስ ማን ይይዘዋል? ለመጨረሻው ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሌላቸው ያንን ክፍል ዝለሉት።

ለማን የትኛው?

ምንም በጀት የሌላችሁ፣ የመምህር እጥረት ያለባችሁ የገጠር ትምህርት ቤቶች፦ የግብረ ገብን ሰዓት አስከብሩ፣ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት የልጆች ሽምግልና ጀምሩ። ሌላውን ተዉት።

የከተማ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ ብዙ ክፍል ያላችሁ፦ ማስረጽና ሽምግልና። ከትምህርት ቤት ድጎማው ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የዓለም ካርታ ግዙ። ከባነር ይልቅ ካርታ ይሻላል።

ተፈናቃይ ልጆች ለተቀበላችሁ፣ ወይም ለወራት ተዘግታችሁ ለተከፈታችሁ፦ በመጀመሪያው ወር ስለ ግጭት ምንም አታስተምሩ። የጠዋት ክብ፣ የቡድን ጨዋታ፣ ሥዕል፣ ዘፈን። ከዚያ ከሩቅ ጀምሩ። የራስን ጦርነት በቀጥታ ማንሳት ወገን ያስለያል፤ የሩቁ ግን ሁሉንም አብሮ ያሳዝናል። የጃፓኗ ሳዳኮ ሳሳኪ ታሪክ ለዚህ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ከጨረሩ ጋር በተያያዘ የደም ካንሰር ታመመች። ሆስፒታል ተኝታ ከወረቀት ወፍ ታጥፍ ነበር። በ1955 በ12 ዓመቷ ሞተች። የክፍል ጓደኞቿ ገንዘብ አሰባስበው ለሞቱት ሕፃናት ሁሉ ሐውልት እንዲቆም አደረጉ። ሐውልቱ በ1958 ተመረቀ። ታሪኩ ሞት ስላለበት ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል አቆዩት። ወፏን ማጠፍ ግን ትንንሾቹም ይችላሉ፤ አሮጌ የደብተር ወረቀት ይበቃል።

ልዩ ልዩ ቋንቋ ለሚነገርባቸው አካባቢዎች፣ እንደ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሰቆጣ፦ መጻጻፉን አስቀድሙ፤ ማስረጹ ይከተል።

ክበብ ብቻ ላላችሁና ሌላ መጀመር ለማትችሉ፦ ክበቡን ወደ ጠዋት ሰልፍ አውጡት። ከትምህርት በኋላ ያለው ስብሰባ ቢቀርም አይጎዳም።

ሁሉንም የሚያበላሽ አንድ ነገር

አርጩሜ ነው። መምህሩ አርጩሜ ይዞ «በውይይት እንፍታ» ሲል ልጁ የሚማረው ከአርጩሜው ነው። ሽምግልናን የጀመረ ትምህርት ቤት መምህራኑ በአንድ ስብሰባ ዱላን ለመተው ይስማሙ። ካልተስማሙ ሽምግልናውን ባትጀምሩት ይሻላል። ልጆቹ ቀልድ ያደርጉታል።

መቼ ይጀመር፣ እንዴት ይታይ?

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የሰላም ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 11፣ አንዳንድ ዓመት 10። ትምህርት ቤት ገና እየሞቀ ስለሆነ ለመክፈቻ ይመቻል። ግን በዓል ብቻ አድርጋችሁ አታሳልፉት። በዚያን ቀን የመጀመሪያዎቹን ሸምጋዮች ስም አንብቡ፣ ወይም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ላኩ።

ሥራው እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ፈተና አታውጡ። የሽምግልናውን ደብተር በየወሩ ገልጡ። ጉዳዮቹ ከመስከረም ወደ ጥቅምት ቢበዙ አትደንግጡ፤ ልጆቹ መምጣት ጀምረዋል ማለት ነው። የአንድ ልጅ ስም ደጋግሞ ከመጣ እሱን ለብቻው አናግሩት፣ ቤቱንም ጠይቁ። የሴት ልጆች ጉዳይ ጨርሶ ከሌለ ግን ችግር የለም ማለት አይደለም። ሸምጋዮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ወይም ሰዓት ለሴቶቹ አይመችም ይሆናል። ቦታውን ቀይሩና በሚቀጥለው ወር እንደገና እዩት።